የዝርክርኳ ዓሣ

ጀርባው የላላ፣ የድሮ እንግሊዝ ልቦለድ
ይዤ ከጣና ዳር፣ ገጽ በገጽ ስወርድ፣
ጓንት ያጠለቀ ጌታ፣ ሠረገላው ቆሞ፣
ሾርባ ያስጨልፋል፣ ስሙን አስቀድሞ።
ወላጅ አልባው ልጅም፣ ሳህኑ ሳይሞላ
ምስጋናው ይፈስሳል፤ ያጎነብሳል ሳይበላ።

ቀና ስል፦ አንጓች፣ ከዓሣ ተራ፣
ቢላዋዋም ምላሷም ስል፣
ቅርፊት ትፍቃለች ከጧት ጀምራ።
እናኑ፣ ያቺ ባሏ ከነታንኳው የቀረባት፣
ባዶ ዘንቢል አንጠልጥላ አለፈች፣
ዋጋም ሳትጠይቃት።

«አንቺ ዝርክርክ!» ጮኸች አንጓች፣
«የገዛሽውን ጥለሽ! እኔ ዘበኛሽ ነኝ?» አለች።
አምባዛውን በጅራቱ አንሥታ
ዘንቢሏ ውስጥ ዶለችው፣ ግንባሯን ቋጥራ፣ ተቆጥታ።

እናኑ አልገዛችም። አንጓች ታውቃለች።
እናኑም ታውቃለች።
«ይቅርታ፣ ረስቼ» አለች።

መጽሐፉ ውስጥ ጌታው ንግግሩን አልጨረሰም።
ዘጋሁት፤
ሾርባው እዚያው ይቀዝቅዝ።