የመምቢ ጊታር ቃኚ

ሠላሳ አንድ ዓመት ጊታሩን ቃኘሁኝ፤
ስሜን የሚያውቅ የለም፣ ከመድረክ ኋላ ነኝ።
ጥቁር ሸሚዝ ለብሶ በጨለማ ወጥቶ
የሚመለስ ጥላ፣ ክር ለውጦ፣ ገመድ ፈትቶ፣
እኔ ነኝ።
ስለ ሌስሊ መምቢ ሲወራ ስሰማ
ዝም ነው ልማዴ። ዛሬ ግን ላውጋችሁ፣
ሙዚቃ ባትወዱም፣ ዓሣ ካወቃችሁ።

ግሪምስቢ ተወልዶ፣ ከወደቡ ማዶ፣
ሰፈሩ ዓሣ ሲሸት ከበጋ እስከ በረዶ፣
አባቱ መርከበኛ፣ ሦስት ሳምንት ጠፍቶ
ሁለት ቀን የሚያድር፣ ጠጥቶና ተኝቶ።
እናቱ ኢኒድ ግን በሩ ላይ ችንካር መትታ
መረብ ትሠራለች ከጧት እስከ ማታ፤
ቋጠሮ፣ ቋጠሮ፣ ቋጠሮ፣ ቋጠሮ።
ልጁም ከጣቷ ሥር ጥበቡን ተምሮ
ሳያይ ይቋጥራል፣ ዓይኑ ሌላ ዘንድ ዞሮ።
በቋጠሮ እጁን ፈታ፤ ሌላ መምህር አልነበረው፤
የሕይወት ታሪክ ጸሐፊውን ይህቺ ናት ያመለጠችው።

በአሥራ አምስት ዓመቱ ሣጥን ተሸከመ፣
በረዶ በአካፋ ዛቀ፣ ሺልንግ አጠራቀመ፣
ጊታርና ማጉያ ገዛ፤ ማጉያው የታመመ፣
ከጎርፍ የተረፈ፣ ሆዱ የተቀደደ፣
ሲነኩት የሚያጓራ፣ ጉሮሮው የነደደ።
«ይጠገን» አሉት። እምቢ አለ መምቢ።
«ቀንሰው» አሉት ጎረቤቶች። እምቢ አለ መምቢ።
በሠራተኞች ክበብ፣ ቢራና ቢንጎ መሃል፣
ቁጥር ጠሪው ጮኸ፦ «ልጅ፣ ጆሮዬ ሞቷል!
ሰባ ሰባት ብዬ ማንም አልሰማኝም!»
እምቢ አለ መምቢ። (ያኔ አላውቀውም፤
ብርጭቆ አጣቢ ነበርኩ፤ ከመደርደሪያው ላይ
ብርጭቆው ሁሉ ሲዘምር ሳይ
ሽርጤን ፈትቼ ተከተልኩት። ይኸው ነው ጉዳይ።)

አራት ድምፅ ናት፣ ያቺ ዓለም የሚያውቃት፤
የመልሕቅ ሰንሰለት ሲወርድ ሰምቶ ነው ያመጣት።
ሁለቱ ይወርዳሉ፣ አንዷ ታነክሳለች፣
አራተኛዋ ዘግይታ፣ ዘግይታ ትደርሳለች፣
እንደ አባቱ መርከብ።
አንድ ክረምት ግን ያ መርከብ አልደረሰም።
መምቢ ስለዚህ ነገር አንድ ቀን አልተነፈሰም።

ከዚያ ለንደን፣ ሀምቡርግ፣ ኦሳካ፣ ሌላም፣ ሌላም፤
ቡድኑ «የብረት መረብ»፣ ያልተያዘበት የለም።
ሃያ ሺህ ሰው ባንዴ አንገቱን ሲነቀንቅ
እኔ ከጎን ቆሜ፣ ክር ይዤ ስጠብቅ።
ዘፋኙ ኦስዊን ክራብትሪ፣ መስታወት ወዳዱ፣
በገንዘብ ተጣላው፤ ለየብቻ ነጎዱ።
ጊዜም ፊቱን አዞረ፤ ፀጉር አጭር ሆነ፣
ጊታር ማስጓራትም እንደ ነውር ተኮነነ።
በብራድፎርድ አዳራሽ ዘጠና ሰው መጣ፤
እሱ ለሃያ ሺህ መታ፤ ከጣሪያው አቧራ ወጣ።

ኋላ ጅማት ከዳው። (የጊታሩ አይደለም፤
ለጊታሩስ እኔ አለሁ፤ ክር መለወጥ አያቅተኝም።)
የግራ እጁ ቀለበት ጣት ወደ መዳፉ ታጠፈ፣
እንደ እናቱ ቋጠሮ ጠብቆ አረፈ።
ሐኪሙ «እንፍታው» አለው። መምቢ እጁን አየና
«እሷ የቋጠረችውን?» ብሎ ሳቀ፤ ወጣና
በሦስት ጣት ጀመረ፣ ከሀሁ፣ እንደገና።

ባለፈው ሐሙስ ሊንከን ገባን፣ ክር ልገዛ።
ከሱቁ ግድግዳ ላይ፣ በካርቶን፣ በቀይ ቀለም፦
«ያቺን አራት ድምፅ እዚህ መምታት ክልክል ነው፤ ታከተን።»
መምቢ አነበበው። ሁለት ጊዜ አነበበው።
አንድ ብጉራም ልጅ ግን ክልክሉን ችላ ብሎ
ይመታታል፣ ጥግ ላይ፣ ወንበር ላይ ተንጠልጥሎ።
ሽማግሌው ጊታሩን ተቀበለና መታት፤
ሁለቱ ወረዱ፣ ሦስተኛዋ አነከሰች፣
አራተኛዋ…
ደረሰች።
«አባባ» አለ ልጁ፣ በትሕትና፣ «ዘገዩ።
እዚህ ጋ ቶሎ ነው።»
አፌን ከፈትኩ። መምቢ ክንዴን ያዘኝ።
ስድሳ ዓመት እምቢ ያለ ሰው፣
«ልክ ነህ» አለው።

ወጥተን፣ ዝናቡ ውስጥ፣ የመኪና ቁልፍ ስፈልግ፣
ከመስታወቱ ኋላ ልጁ ደግሞ መታት፤
መምቢ ኮቱን ሳይቆልፍ ቆሞ አዳመጣት።
በልጁ እጅ ያ መርከብ፣ ሳይዘገይ፣ ሳይጠፋ፣
በሰዓቱ ወደብ ገባ።