የግራ እግሬ ጡረታ

እንግዲህ፣ ግራ እግሬ፣ አንቺም ጡረታ ውጪ፤
ምንጣፉ ላይ አርፈሽ፣ ዝም ብለሽ ተቀመጪ።

ሠላሳ አንድ ዓመት ፍሪሲዮን ረግጠሽ፣
በኤንትሬ፣ በአይሱዙ ጉልበትሽን ጨርሰሽ፣
ይኸው በስተርጅና ጤና መምሪያ ቀጥሮኝ፣
የነጭ ላንድክሩዘር ቁልፍ አስጨብጦኝ፣
ጎንበስ ብዬ ባየው ፔዳሉ ሁለት ነው፤
የእህትሽ ርስት ነው፣ ላንቺ ድርሻ የለው።

የመጀመሪያው ቀን፣ ሄርማታ አደባባይ፣
ገበያተኛው ሲፈስ በግራ በቀኝ ሳይ፣
ማርሽ ልቀይር ብለሽ፣ እንደ ድሮው መስሎሽ፣
ያንን ሰፊ ፍሬን ባለ ኃይልሽ ረገጥሽ።
የክትባቱ ሳጥን ከኋላ ተንሸራቶ
ወንበሬን ገጨና፣ በረዶው ተደፍቶ፤
ሲስተር ዘቢባን ቀበቶዋ አተረፋት፤
ባለ ባጃጁ ግን አንገቱን አውጥቶ፣
«አባባ፣ ተኝተሃል?» አለ ጥሩምባ ነፍቶ።

አላፈርኩብሽም። የማውቅሽ እኔ ነኝ፤
ግቤ በረሃ ላይ፣ ሌሊት፣ ፍሬን ሲከዳኝ፣
ሁለቴ ረግጠሽ ማርሹን አስገብተሽ፣
አሥር ቶን ስሚንቶ በሁለተኛ ይዘሽ፣
እስከ ድልድዩ አወረድሽኝ፣ እያቃሰትሽ።

ሸዋንግዛው ግን (ነፍሱን ይማረው)
ግማሽ ሊትር ናፍታ ነበር ያማረው።
ቁልቁለቱን በፎሌ ለቀቀ።
ናፍታውስ ተርፎ ነበር። ጠዋት ገደሉን ስንወርድለት፣
ከሰልባትዮው ይንጠባጠባል፣ እሱ ከተኛበት።

ነዚፍ መካኒኩ፣ መናኸሪያ ጀርባ፣
በዕድሜ ልጄ ነው፤ እጁን በጋዝ እየታጠበ፦
«አራቱም ይስባል ብለህ አትኩራ፣ ጋሼ።
ከጭቃ ያወጣሃል፤ ዳገት ያወጣሃል፤ እሺ።
እሱ ለመሄድ ነው። መቆም ሲመጣ ግን
ያረጀው ታክሲም አራት ጎማ አለው፤ እኩል ነን።
ፍሬን ላይ አትተኛ፤ ይግላል፣ ይከዳል፤
ወደ ኤል ሳበውና ሞተሩ ይይዛል።
ድንገት ከሆነ ደግሞ፣ ርገጥ፣ አትልቀቅ፤
ፔዳሉ ቢንዘረዘር፣ ኤቢኤስ ነው፣ አትሳቀቅ፤
እንደ አይሱዙህ መታ መታ አታድርገው፤
የሚመታው እሱ ነው፤ አንተ ብቻ እመነው።»

እመነው አለኝ!
ሠላሳ አንድ ዓመት ከእግሬ ሌላ ምን አምኜ?

ትናንት ከጅሬን ስንወርድ፣ ሐምሌ ነው፣ ዝናብ፣
ካምቢዮው ኤል ላይ፣ ሞተሩ ሲል እንደ ንብ፣
ጎርፉ ቀዩን አፈር አስፋልቱ ላይ አስጥቶት፣
ሲስተር ዘቢባ ስለ ልጇ ፈተና ስታወራ፣
አንቺ አርፈሻል።
ያረፍሽ ነው የመሰለኝ።

መጀመሪያ ጎማ መጣ።
አሮጌ ጎማ፣ ብቻውን፣ ከአጥር ሥር ወጣ።
ሾፌር ያውቃል፤ ጎማ ብቻውን አይመጣም።
ልጁን ሳላይ እህትሽ ረገጠች።
ፔዳሉ ከሥሯ ተንዘረዘረ፣
እንደ ተያዘ ዶሮ ተንፈራገጠ፤
አልለቀቀችም።
መሪው ታዘዘኝ፣ ወደ ግራ ትንሽ፣
ቆመች።

ከኮፈኑ እስከ ልጁ ዱላ አንድ ክንድ አይሞላም።
አራቱ ጎማ ቆመ፤ አምስተኛው ግን አልሰማም፣
እየነጠረ ወደ አዌቱ ቁልቁል ሄደ፤
ልጁ ኮፈኑን በዱላው ቸብ አድርጎ፣
በግልምጫ አይቶኝ፣ ጎማውን ተከትሎ ወረደ።

«አልሃምዱሊላህ» አለች ሲስተር፤ ዞራ ሳጥኑን አየች።
ከቦታው አልተነቃነቀም። ከዚያ ቀን ወዲህ በገመድ ታስራለች።

ዝቅ ብዬ ያየሁሽ ያኔ ነው።
እህትሽ ፍሬኑ ላይ ናት፣ ጸጥ ብላ፣ እንደ ባለሙያ።
አንቺ ግን ጣቶችሽን ቆልፈሽ፣ ጉልበትሽ እየተንቀጠቀጠ፣
ምንጣፉን እስከ ወለሉ ረግጠሻል፤
የሌለ ፍሪሲዮን።

ተነሺ አላልኩሽም።
ዝናቡ እስኪያባራ
እዚያው ይዘሽ ቆየሽ።