አይረሳም

ከወደቡ አጥር ሥር፣ ካንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ፣
ማመልከቻ ስጽፍ፣ ካርድ ስሸጥ፣ ብር ስለውጥ፣
ፊት ለፊቴ የዓሣ ቤቱ ሰሌዳ ይታየኛል፤
«እዚህ ዓሣ ይበላል» ይላል።
ሻላው ከሥሩ ቆሞ አላልቶ ያነበዋል፤
ስለሱ የተጻፈ መስሎታል።

ሐሙስ፣ ከደቅ የመጣው ጀልባ፣
ከሎሚ ጆንያና ካንድ ፍየል ጋር ሲገባ፣
በአራት የታጠፈች ብጣሽ ወረቀት
ባንቺአምላክ እጅ ደረሰች፤ ይዛት መጣች እኔ ቤት።
«ፊደል አልቆጠርኩም፣ አንብብልኝ» አለች፤
በመስኮቱ አሾልካ፣ እጇን ሳትለቅ ቆመች።

ሁለት መስመር፤ የወንድሟ ጽሕፈት፤ እርሳስ፦
«አባባ አይረሳም።
ቅዳሜ ነይ፣ ጀልባው ሲመለስ።»

አላልቼ አነበብኩላት። ፊቷ በራ።
«ሎሚ እልካለሁ ካለ፣ ድሮስ ምን ይረሳል እሱ!
ያበደረኝን ሃያ ብር ከነቀኑ ነው ማስታወሱ።»

የጡረታ ደብተራቸውን ኮፒ ሊያስደርጉ የቆሙት መምህር እንየው
«ቆይ እስቲ ልጄ» አሉኝ ዝግ ብለው፤
«ረ ብትጠብቅስ? ያኔ ነገሩ ሌላ ነው።»

ረ ጠበቀች።
አንድ ነጥብ አልተጨመረ፣ አንድ ፊደል አልጎደለ፤
ሎሚ ሊልክ የነበረው ሰው
ከምላሴ ጫፍ ላይ ሞቶ ዋለ።

ከዚያማ ወደቡ ለሁለት ተከፈለ።
ቲኬት ቆራጩ አላላ፦ «ሞቶ ቢሆን፣ ፍየል ለገበያ ማን ይጭናል?»
ዓሣ የምትከትፈው ትርንጎ አጠበቀች፦ «ደኅና ቢሆን፣ ነይ ምን ያደርጋል?»
(ትርንጎ ባሏን የቀበረችው አምና ነው።)
ስልክ ደወልን፤ አይነሳም።
ጀልባ ነጂውም ከሰው እጅ ነው የተቀበለው።

ባንቺአምላክ ግን «የቷ ናት እሷ?» አለችኝ።
አሳየኋት።
ወረቀቱን ገልብጣ በጀርባው ዳሰሰቻት፤
ተጭኖ ጽፏት እንደሆን በጣቷ ልታነባት።
«ሁሉም እኩል ነው» አለች።
አጠፈቻት።

እስከ ቅዳሜ ጠበቀች።
ማን? ረ ወይስ ባንቺአምላክ? ጽሑፌ ይህን አይለይም።

ጠዋት አንድ ሰዓት፣ ጀልባው ላይ ስትወጣ ዘንቢሏን አቀበልኳት፤
ከላይ አንድ ኪሎ ስኳርና አዲስ የወንድ ካልሲ፣
ከሥር፣ በፌስታል የተጠቀለለ ጥቁር ሻሽ።

በሦስተኛው ሐሙስ ሰባት ሎሚ መጣልኝ።
«ከነባንቺአምላክ ነው» አለ ነጂው።
ከነማን ጋር፣ አላልኩም።
ማን እንደለቀመው ሳልጠይቅ
አንዱን ሻይ ውስጥ ጨመቅሁት።