ሃያ አንድ ጥርስ

ለሁለት ቀን እረፍት ደሴ ወጥተን ሳለ፣
የሆቴሉ ልጅ ነው፣ «ሙዚየም አለ፣
የቢራ፤ ኮምቦልቻ፤ አይታችሁት ኑ» ያለ።
ሲራክ ወዲያው ተነሣ፣ ጃኬቱን ደረበ፣
(ሲራክ ለቢራ ነው፣ ለታሪክ መች ቀረበ?)
ጦሳ ገና ጉሙን ከትከሻው ሳያወርድ፣
በሚኒባስ ሆነን ሐረጎን ስንወርድ፣
ጆሮዬ ተደፈነ፤ ጠመዝማዛው ሲበዛ
አንዲት ሴት ከኋላ ሎሚ ዘረጋችልኝ፣ «እንካ በል፣ ያዛ»።
ታች ሙቀቱ ጠበቀን፤ የቦርከና ሽታ፣
የባጃጅ ጥሩምባ፣ የእሁድ ጠዋት ጫጫታ።

በትልቁ በር ላይ ዘበኛው ቆሞ፣
«ሙዚየም?» አለ፤ ደገመው፣ እንደ አዲስ ቃል አጣጥሞ።
«እዚህ ፋብሪካ ነው። ሙዚየም ከሆነ የፈለጋችሁ፣
የጋሽ እንድሪስ ቤት ነው፣ ከመስጊዱ ጀርባ፤ ይሄ ልጅ ያድርሳችሁ።»

አረንጓዴ ቆርቆሮ፤ አንድ ክፍል፤ አንድ አምፖል የተንጠለጠለ።
«መግቢያው ሃያ ብር ነው፤ ደረሰኝም አለ፣»
ብሎ ከጣሳ ውስጥ ቆርኪ አወጣና መዳፌ ላይ ጣለ።
«ጥርሱን ቁጠር፤ ሃያ አንድ ነው። አንድ ከጎደለ ይተነፍሳል፤
ቢራ እንደ ምስጢር ነው፣ ከተነፈሰ ይረክሳል።»

ጠርሙስ በጠርሙስ ነው ግድግዳው በሙሉ፤
ቡናማው፣ አረንጓዴው፣ አንገተ ረጅሙ፣ ሆደ ድቡልቡሉ፤
አንዱ ጽሑፉ ጠፍቶ በወንዝ አሸዋ የተፋቀ፣
አንዱ ፀጉር በምታህል መስመር ከአፉ እስከ ታች የተሰነጠቀ።
«ይሄን መጣል ነበር የመጀመሪያ ሥራዬ» አለና ሳቀ።

ሠላሳ አንድ ዓመት ከነጭ መብራት ፊት፣
ባዶ ጠርሙስ ሲያልፍ፣ ቀንም ሆነ ሌሊት፣
እሱ በርጩማው ላይ፣ ዓይኑን ሳያርገበግብ፣
ስንጥቁን ነቅሶ ለብቻው ሲሰበስብ።
(እኔም ኦዲተር ነኝ፤ ስንጥቅ ለቅሜ ለቅሜ የደከመኝ ሰው፤
በዚያ ሙቀት መሃል ጀርባዬን ብርድ ዳበሰው።)

ሲራክ አላስቻለው፦ «ጋሼ፣ የድሮው ነው የአሁኑ የሚጥም?»
«እኔ ምን አውቄ ልጄ፤ በአፌ ዞሮ አያውቅም።
ሙሉውን አላውቀው። እኔ የማውቀው ባዶውን፣
ሰው ጠጥቶ ሲያበቃ ጥሎት የሄደውን።»

ከዚያ ከአልጋው ሥር የብስኩት ቆርቆሮ ሳበ፤
ሲራክ ዝም አለ፤ ሲራክ ራሱ ቀረበ።
ተመላሽ ጠርሙስ ውስጥ ያገኘውን አንድ በአንድ ደረደረ፦
የሸሚዝ ቁልፍ፣ የሳጥን ቁልፍ፣ የሕፃን ጥርስ፣
የጠቆረ ቀለበት በክር የታሰረ፤
አንዲት ጥቅል ወረቀት፣ ከሲጋራ የቀጠነች፣
በጠርሙስ አንገት ገብታ ከእጥበት ያመለጠች፦
«ሰዓዳ፣ እሁድ እመጣለሁ። በሩን ክፍት አድርጊው።»
ይኸው ነው። ቀን የለው፤ አይታወቅ ላኪው።

«ስንት ሰዓዳ ጠየቅሁ! ገራዶ ድረስ፣ ሐይቅ ድረስ ሄጄ፤
አንዷ አለቀሰች፤ "ባልሆንም ልሁን" አለችኝ፤ ወረቀቱን ከእጄ
ወስዳ፣ አንብባ፣ መለሰችው።»
ዞር ብዬ በሩን አየሁ።
ከገባን ጀምሮ ክፍት ነው፣ በድንጋይ ተይዞ።

አንድ መደርደሪያ ግን ባዶ ነው፤ አቧራው ላይ ክብ ክብ ምልክት።
«እዚህስ ምን ነበር?» «ያን ጊዜ፣ ከተማው ሲዘረፍ ወሰዱት።
ምን ሊያደርግላቸው፣ ባዶ ነው» አለ። ሌላ አልጨመረበት።

«ቢራስ?» አለ ሲራክ፣ ልንወጣ ስንል፣ ቀስ ብሎ።
በቡናማ ጠርሙስ ውሃ ይዞ መጣ፣ ብርጭቆ በመሐረብ ወልውሎ።
«ይኸውላችሁ ቢራ፣ ቢራ ሳይሆን በፊት።»
ጠጣነው። የተራራ ብርድ ነበረበት።
ሲራክ አስደገመ።

መሸት ሲል፣ ሽቅብ ስንመለስ፣ ጉሙ ሐረጎ ላይ ጠበቀን፤
የመኪናው መብራት ሲያርፍበት ነጭ ሆነ፤ ዝግ ብለን አለፍን።
ማን እንደሚያየን እንጃ። ሲራክ አንገቱን አቀና፤
እኔም፣ ሳላስበው፣ ኮሌታዬን።
ከዚያ ቆርኪውን ከኪሴ አውጥቼ በአውራ ጣቴ ዳሰስኩ፣
ጥርሱን ቆጠርኩ፦ ሃያ። ተሳስቼ ነው ብዬ ደግሜ ጀመርኩ፤
ሃያ።
«ደሴ!» አለ ረዳቱ። ሦስተኛውን ሳልጨርስ ወረድኩ።