ክዳኑን አትንካ

ከሮቢት ስንነሳ ሌሊት ነው፣ ጨለማ፣
አስራ ሁለት ጆንያ ሽንኩርት ለከተማ፤
እህቴ ትርንጎ መስኮቱን ተጠግታ፣
ከአባባ ተዝካር ወዲህ እንደለመደችው፣ አፏን ጥርቅም ዘግታ።

መኪናው የአባባ ነው፤
ቀለሙ የረገፈ፣ በሩ በሽቦ ታስሮ፣
በሦስት ዓመት ይበልጠኛል፣ ከቤታችን ኑሮ።
እኔ ‹ይሸጥ› ብዬ፣ እሷ ‹አይሆንም› አለች፤
ከሽማግሌ መሀል ብድግ አለችና በሩን ዘግታ ሄደች።
ዛሬም የተሳፈረች፣
ደብረ ብርሃን ላይ የዓይን ሐኪም ቀጠሮ ስላላት ብቻ ነው፤
ከእኔ ጋር አይደለም፣ ከመኪናው ጋር ነው።

አርማንያን አለፍን። ደብረ ሲና ነጋ፤
ቆሎ ሻጮች ሮጠው መስኮቱን አንኳኩት፣
አላቆምኩም፤ ገበያው እንዳያመልጠኝ ገፍቼ ነዳሁት።

ከዚያ ነው ዳገቱ።
ከሁለተኛ ወደ አንደኛ ማርሽ ሲወርድ፣ መርፌዋ ተነሳች፣
እንደ ተቆጣ ሰው ቅንድብ ወደ ላይ ወጥታ ቀዩን ረገጠች።
አይቼ ዝም አልኩኝ፤ ‹ትወርዳለች› አልኩኝ፣ ለራሴ፣ በሆዴ፤
እሷ እያየች መቆም፣ ከሚፈላው ሞተር እሱ ነበር ጉዴ።

‹ማሞቂያውን ክፈት።›
ዓይኔ ደከመ ያለች፣ መርፌዋን አይታለች፣ ምናልባት ከእኔ ፊት፤
ሦስት ወር ያልሰማሁት ድምፅ ነው፤ ደነገጥኩ በእውነት።
‹እሳት ላይ እሳት?› አልኩ። ‹ክፈተው፣ ልንገርህ፤
የሱን ትኩሳት እኛ እንካፈልለት፣ ትንሽ ይቅለልልህ።›
ነፈሰብን እንግዲህ የምድጃ ትንፋሽ፣ ሽንኩርት ሽንኩርት የሚሸት፤
ደጁ ግን ታርማበር፣ ጉም ነው፣
አጥንት የሚሰብር ብርድ ነው፣ ካፖርት የሚያሻው ጧት።

ዋሻው ሳይደርስ ቆምን።
ኮፈኑን ከፈትኩት፤ እንፋሎቱ ወጥቶ ከጉሙ ተቀላቅሏል፤
የትኛው የእኛ ነው፣ የትኛው የእግዜር ነው፣ ማን ለይቶ ያውቃል?
እጄን ሰደድኩና፣ የራዲያተሩን አፍ በችኮላ ልከፍት፣
‹ክዳኑን አትንካ!›
ክንዴን ይዛ ሳበችኝ፣ እንደ ልጅነት።

‹የአባባን ደረት አይተህ አታውቅም?
እንደ ካርታ ነበር፤ እዚሁ ዳገት ነው፤ አንተ አልተወለድክም።
አምስት ዓመቴ ነው፣ ጋቢና ውስጥ ነው ያለሁ፤
ሲንፎለፎል ሰምቼ፣ ዝናብ ጥሎ መስሎኝ መስኮቱን ዘጋሁ።›

አባባ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ድረስ ሁልጊዜ ሲቆልፍ፣
ኩራት መስሎኝ ነበር፤ እኔም ተምሬው ነበር፣ በሰው ፊት ሳልፍ።

ተቀመጥን እንግዲህ፣
ጎማው ሥር ድንጋይ አድርገን፣
ሌላ ድንጋይ ላይ እኛ፣ ሁለት የተጣላን።
የቁልቁለቱ መኪና ጥሩንባ እየነፋ ያልፋል በየተራ፤
አንዱ ‹ሽጡት ይኼን!› ብሎ ጮኸብንና አለፈ በግራ።
መጀመሪያ የሳቀችው እሷ ናት።
እኔ ቆይቼ ነው።

ወንድይፍራው የሚሉት የአይሱዙ ሹፌር ጄሪካን ሰጠንና፣
‹በአንዴ እንዳትደፉበት፣ ቴስታታው ይሰነጠቃል፤
ሞተሩ እየዞረ፣ በቀጭኑ አፍስሱት፣ በቀስታ፣ በጥሞና።›

ሰዓት ካለፈ በኋላ ሻሿን ፈታችና፣ አጥፋ አጥፋ በአራት፣
ክዳኑን ሩብ አዞረች፤ ‹ትስ…› አለ፤ ታገሰች፤
ሌላ ሩብ ጨመረች፣ እስኪያልቅለት ቁጣው፣ እስኪወጣው ትኩሳት።
ማኒኮቶው ተሰንጥቋል፣ የጥፍር ያህል፤ ‹አየህ፣
በጎማ ከታሰረ ደብረ ብርሃን ይደርሳል፣ ካልነዳኸው በእልህ።›

ስለ መሸጡ ጉዳይ እሷም አላነሳች፣ እኔም አላነሳሁ፤
ዋሻው ውስጥ ስንገባ፣ መርፌዋን ብቻ ነው በጨለማው ያየሁ።
በወዲያ ስንወጣ ማሞቂያው ክፍት ነው፤ አልዘጋሁትም እኔ፤
ላቤ ሲወርድ ጊዜ ያንገቴን ቁልፍ ፈታሁ፤
አየችኝ ከጎኔ።

ገበያ ስንደርስ ሽንኩርት ረክሶ ነበር።