የማረፊያ ዋጋ

ለገሃር ፊት ለፊት፣ ሰባተኛው ፎቅ ላይ፣
በመስኮቱ ግማሽ ባቡር ጣቢያው ሲታይ፣
ቃለ ጉባኤ ያዥ፣ ጥግ ላይ ተጎልቼ፣
ትርፍ እስክሪብቶዬን ጸጉሬ ውስጥ ሰክቼ።

«አረፍ በሉ» አለች ወይዘሮ አጸደች፣
ማረፊያውን ወክላ ማልዳ የመጣች።
ከወዲያ አቶ ቢልልኝ፣ ባለርካሽ በረራ፣
ሁለት አውሮፕላኑን በስም የሚጠራ፤
ውሃውን በሒሳብ፣ ሻንጣውን በኪሎ፣
ወንበሩን ከጉልበት አጣብቆ ደልድሎ፣
ሕዝብ ላብርር የሚል በአውቶብስ ዋጋ፤
ሰባት ፎቅ የወጣ ቅናሽ ፍለጋ።

«ጂንካ በሳምንት ሦስት፣ ጎዴ ሁለት ጊዜ፤
በቶን የምትሉት ሆነብኝ አባዜ።
ስታርፍ ትከፍላለህ፣ ቆመህ ብታድርም፣
መብራት ቢበራልህ፣ ባይበራልህም።
ወፍ እንኳ በነፃ ታርፍ የለም?» ቢላት፣
«ወፍ አስፋልት አትልም፤ እሳት አደጋ የላት፤
ጅብ ማኮብኮቢያው ላይ ቢተኛ አይገዳት»
አለች፤ አልሳቀችም። መነጽሯን ጠረገች።

«ማን ይሳፈርልሃል?»
እሱ ተነሳ፦
«እናቱን የሚያመጣ ወደ ጥቁር አንበሳ፤
ማር ነጋዴ፣ አስተማሪ፣ ሠርግ የተጠራ ሚዜ፣
ሁለት ቀን መንገድ ላይ ወገቡ የተቆረጠ ሁሉ።»
«ሁሉ ቁጥር አይደለም» አለች።
የሒሳብ ሠራተኛው፣ ምንተስኖት የሚባል ልጅ፣
«ጌታዬ፣ በዚህ ከገባን ግን...» ሲል፣
«አርፈህ ተቀመጥ!»
አረፈ፤ በነፃ።

«ሰው ከሌለ መስመር የለም።»
«መስመር ከሌለ ሰው የለም።»
ሁለቱንም ባንድ መስመር ጻፍኳቸው።
ከዚያ በታች፦ «የማረፊያ ዋጋ፤ አልተስማሙም።»
እጄ እዚህ ላይ ቆመ።

ይህን ቃል በሌላ መዝገብ አውቀዋለሁ።
አባቴ ያረፈ ዕለት፣ የሰበካው ጸሐፊ፣
እንደኔው ጥግ የያዘ፣ የሰማውን ጻፊ፣
«የማረፊያ ቦታ፦ ግንብ ከሆነ ይህን ያህል፣
አፈር ብቻ ከሆነ ይህን ያህል፣
ከቅጥሩ በር እየራቀ ሲሄድ ዋጋው ይቀላል።»
አጎቴ ደርብ ተከራከረ፤ ልክ እንደ አቶ ቢልልኝ፣
ጠረጴዛ እየመታ፤ እኔን ሐፍረት ሲገድለኝ።
አስቀነሰ። አባቴን
ከጓሮ አሳረፍነው፣ ከውሃ ታንከሩ ሥር፣
በደህና ዋጋ።

ደግሞ ያ ጣቢያ፣ ከግራ ሦስተኛው መስኮት፣
የሱ ነበር፤ ትኬት የቆረጠበት፣
«ሞጆ፣ አዋሽ፣ ድሬዳዋ» እያለ ሃያ ስድስት ዓመት።
ያ መስመር ሲዘጋ ስብሰባ አልተጠራም፤
አንድ ቀን መስኮቱ አልተከፈተም፣ በቃ።

«ጻፊ እንጂ!» አለችኝ፤ ነቃሁ።

ከምሳ በኋላ፣ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ቁጥሩ ይደክመው ጀመር።
እሱ ሁለት ዓመት ነፃ ያለው አንድ ዓመት ሆነ፤
እሷ ሩብ ያለችው ሲሶ።
ከታች፣ ታክሲ ተራው ጋ፣ ተራ አስከባሪው
በመስኮት እጁን ሰዶ ይቀበላል፤
ወያላው ይረግመዋል፣ ይከፍለዋል።
ሲሶው ግማሽ ሊሆን ሲል
በጣራው ላይ አንዲት አውሮፕላን ዝቅ ብላ አለፈች፤
ብርጭቆዎቹ ተንጫጩ። ሁለቱም ቀና አሉ።
«የኔ ናት» አለ፣
ልጁን ከትምህርት ቤት በር እንደሚጠብቅ ሰው።
«ሃያ ሦስት ቶን» አለች፤
ድምፅዋ ግን፣ እኔ እንደሰማሁት፣ ለስልሶ።
እስክታርፍ ያህል ማንም አልተናገረም።

ይህ በቃለ ጉባኤው የለም።
ያለው፣ በሁለት ቅጂ፣ ማኅተም ያረፈበት፣ እንዲህ ይላል፦
«ጂንካ፣ በሳምንት ሦስት ጊዜ። አንዷ ብትቀር ቅናሹ ይቀራል።
የማረፊያ ዋጋ፦ ግማሽ፣ ለአንድ ዓመት።
ከዚያ በኋላ
ማንም ቢያርፍ በሙሉ ሒሳብ ነው።»