አራት መቶ አሥራ ሰባት

ስሟን አላውቀውም፤ የማውቀው ቁጥሯን ነው፣
አራት መቶ አሥራ ሰባት፣ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው።
ከሥሩ በሐኪም እጅ፣ በችኮላ ጽሕፈት፦
«ሦስት ጊዜ አስወርዷታል። ሠላሳ አራት ዓመት።»

ታርቱ ላይ ጥር ነው። ከመስኮቴ በታች
ኤማዮጊ ወንዝ በረዶ ተከናንባ ተኝታለች፤
«የእናት ወንዝ» ማለት ነው ስሟ በአገሬ አፍ፤
ብርዱ ሲጠና ግን እናትም ዝም ትላለች።

በስስ ብርጭቆ ቀባሁት፣ በነበልባል አደረቅሁት፤
ሐምራዊ፣ አዮዲን፣ አልኮል፣ ቀዩን መጨረሻ ጨመርኩበት፤
ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ እጄ የደገመው ጸሎት።

ደህና በሆነ ቀን የማያቸው እነዚያ ዘንጎች፣
ጎን ለጎን የቆሙ፣ እንደ አጥር እንጨቶች፣
ደመወዝ የማያውቁ የማሕፀን ደጅ ዘበኞች፣
ስኳር በልተው አሲድ የሚተፉ፣
ባላንጣን በኮምጣጣ ትንፋሽ የሚያጠፉ፣
የሉም።
አንዱ እዚህ፣ አንዱ ወዲያ፤ ቅጥሩ ፈርሷል፤
በየሕዋሱ ጠርዝ ደቃቅ እንግዳ እንደ አሸዋ ፈስሷል።

«መካን» የሚሉት ቃል አጭር ነው፣ ለመወርወር ይመቻል።
እኔ ግን ያየሁት ሰፈር ነው፤ ነዋሪው ተፈናቅሏል።
ነውርንም ፈለግሁት፣ ሺህ ጊዜ አጉልቼ፤
ማቅለሚያ አይዘውም። ተውኩት ተሰላችቼ።
ምናልባት «ንጹሕ ሁኚ» ያላት ሰው ነበር፤
ምናልባት በሽቶ ሳሙና ውስጧን ባጠበች ቁጥር
ዘበኞቿን ትሸኝ ነበር፣ በቱቦ፣ ወደ ምድር።

በሚያዝያ በረዶው ጮኾ ተሰነጠቀ።
መድኃኒቷን ጨርሳ ኖሯል፣ ሁለተኛው ጠርሙስ መጣ።
ዓይኔን አስጠጋሁ፤
አጥሩ ቆሟል!
ወንበሬ ላይ ብቻዬን ሳጨበጭብ
ካድሪ ከጎን ክፍል «ምን ሆንሽ፣ ቪርቬ?» አለችኝ።
«ጎረቤቶቹ ተመለሱ» አልኳት።

ሪፖርቱ ላይ የሰፈረው ግን «ጤናማ» የምትል አንዲት ቃል ናት፤
ጤናማ ማለት ደግሞ ልጅ ማለት አይደለም።
ደጁ ቢጠበቅም፣ ቤቱ ቢሰናዳም፣
እንግዳው በራሱ ቀን ይመጣል፣
ወይም ይቀራል።

ሦስተኛው ጠርሙስ ለነሐሴ ተቀጥሮ ነበር።
አልመጣም።
አርግዛ ይሆናል። ሰልችቷት ይሆናል።
በእኔ መደርደሪያ ሁለቱም ያው ክፍት ቦታ ነው።
ማታ ድልድዩን ስሻገር
ጋሪ የሚገፉትን ሴቶች አያለሁ፤
ባዶ እጃቸውን የሚያልፉትንም።